«ሞቷል» የተባለው ፓምፕ

ጋዜጠኝነት ተመርቄ ሹፌር ነኝ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ለሰው ስነግር የሚከተለውን ፊት አውቀዋለሁ። መጀመሪያ ቅንድብ ይነሳል፣ ቀጥሎ ከንፈር ይመጠጣል፣ ከዚያ «አይዞሽ፣ ያልፋል» ይመጣል። እባካችሁ ከንፈራችሁን አትምጠጡብኝ። እሠራበት የነበረው መጽሔት ከተዘጋ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ ሲቪ ይዤ ዞሬያለሁ። በመጨረሻ እናቴ «ወረቀቱ ካላበላሽ መሪው ያብላሽ» ብላ የዕቁብ ዕጣዋን አወጣች። አባቴ ላዳውን ሸጦ ያስቀመጠው ነበረ፤ ታላቅ ወንድሜ ከውጭ ላከ፤ የቀረውን ከዘመድ ተበደርን። እናም አንዲት ያረጀች ቪትዝ ቤታችን ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስልክ የሚጠራ ታክሲ እነዳለሁ።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ስለ ሥራ አጥነት አይደለም። ስለ ቤንዚን ፓምፕ ነው። አዎ፣ የመኪና ቤንዚን ፓምፕ! «እኔን ምን አገባኝ» ብላችሁ ለማለፍ አትቸኩሉ። በዚች ፓምፕ ምክንያት አንድ ልጅ ላይ የሠራሁት ነገር አለ። እሱን ለመናገር መጀመሪያ ፓምፗን ማስተዋወቅ አለብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማራሁ ወዲህ ከመሀል ከተማ ይልቅ ዳር ዳሩን ነው የማውቀው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ያባረረው ሁሉ የት እንደገባ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ውስጥ ገብተዋል። ተሳፋሪ ግን አሁንም «ሰበታ ታደርሽኛለሽ?» ነው የሚለኝ። ማታ ማታ ከነዚህ ከተሞች ወደ መሀል የሚመለስ ሰው ስለማይገኝ ባዶዬን እመለሳለሁ። ባዶ መመለስ ማለት ቤንዚን መክሰር ነው። ቤንዚን መክሰር ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግርም።

የመጀመሪያው ቀን ሰበታ ነበር። አንዲት እናት ከነልጆቿ አለም ገና አልፈን ሰበታ መሀል አወረድኩ፣ ሒሳቤን ተቀበልኩ፣ ሞተሩን አጥፍቼ ውሃ ገዛሁ፣ ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ጭርርር አለ። ሞተሩ ግን አልተነሳም። ደገምኩ። ጭርርር… አሁንም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቁልፍ ስታዞሩ «ጠቅ» ብቻ ካለ ወይም ጭራሽ ዝም ካለ ጥርጣሬው ባትሪና ሞተሪኖ ላይ ነው። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ አልነሳ ካለ ግን ወይ ካንዴላው እሳት አጥቷል፣ ወይ ቤንዚን አልደረሰውም። ይሄን ያኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ሴት ሹፌር መኪናዋ ሲቆም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት ወንድ እንደሚሰበሰብ ብቻ ነው።

ባጃጅ ነጂዎች ከበቡኝ። «ባትሪ ነው»፣ «ካንዴላ ነው»፣ «ቤንዚን ጨርሰሽ ይሆናል» (የቤንዚን ቆጣሪው ሩብ ያሳያል)። አንዱ ምንም ሳይናገር መኪናዋ ሥር ገባና የቤንዚን ታንከሩን በጫማው ተረከዝ ኳ ኳ ኳ አደረገው። «አሁን አስነሺ» አለኝ። አዞርኩ። ተነሳች! ተጨበጨበ። ልጁ ከሥር ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ ፍርዱን ሰጠ፦ «ፓምፑ ደክሟል። ለመሞት ቀኑን እየጠበቀ ነው።»

ምስክር ቁጥር አንድ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ሃያ ዓመት ላዳ የነዳ ሰው ነው። ሳቀብኝ። የላዳ ፓምፕ እኮ ኤሌክትሪክ አያውቅም። ከሞተሩ ጎን ተለጥፎ፣ ሞተሩ ሲዞር እየተገፋ፣ ውስጡ ያለች ስስ ሽፋን ከፍ ዝቅ እያለች ቤንዚኑን ከኋላ ድረስ ትስባለች። ችግሩ ሙቀት ነው። እኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነን። ባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። ቤንዚንም እንደዚያው በቶሎ ይተናል። አባቴ በቀትር እንጦጦን ሲወጣ ፓምፑ ይግልና ቤንዚኑ ውስጡ እንፋሎት ይሆንበታል፤ ፓምፕ ደግሞ እንፋሎት መሳብ አይችልም። መኪናው ቀጥ! ያኔ አባቴ ጨርቅ ውሃ ነክሮ ፓምፑ ላይ ጠምጥሞ፣ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ጨርቁና የውሃው ጀሪካን ከመኪናው አይለዩም ነበር። ልጅ ሆኜ ያ ጨርቅ የመኪናው አካል ይመስለኝ ነበር።

የአሁኖቹ መኪኖች ፓምፑን ታንከሩ ውስጥ፣ ቤንዚን መሀል ነክረው አስቀመጡት። ከሩቅ ከመሳብ ከቅርብ መግፋት ይሻላል ነው ነገሩ። የምትገፋውም በዋዛ አይደለም፤ የጎማ ንፋስ ከሁለት ባር ብዙም አይበልጥም፣ እሷ ወደ ሦስት ባር ታደርሳለች። በዚያ ግፊት ቤንዚኑ በቀላሉ አይተንም። ዙሪያዋ ያለው ቤንዚን ያቀዘቅዛታል፤ በውስጧ የሚያልፈው ያለሰልሳታል። ስለዚህ ሁሌ በቀይ መብራት የሚነዳ ሰው ፓምፑን ቀስ በቀስ እየቀቀለ ነው።

እኔም ከቀቃዮቹ አንዷ ነበርኩ። ወድጄ መሰላችሁ? አገር ውስጥ የሚነዳበት ቤንዚን ሁሉ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ አብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ቦቴው ሲዘገይ ሰልፉ ይረዝማል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በስልክ ሆኗል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። አፋን ኦሮሞ ባልችልም የነዚህ ከተሞች ማደያዎች አንድ ቃል አስተምረውኛል፦ «ሂንጂሩ»። የለም ማለት ነው። መስኮት ሳልከፍት ከቀጂው የእጅ ምልክት ብቻ አነበዋለሁ።

እናም አንድ ቀን ቡራዩ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ሦስት ማደያ «ሂንጂሩ» ብሎ ሲመልሰኝ፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ ከሚሸጡት ልጆች ቀዳሁ። ሕገ ወጥ ነው፣ አደገኛም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተሳፋሪ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ሻጩ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። የአርሰናል ማሊያ ለብሷል፤ ማሊያው ከሱ ይሰፋል። ከአንድ ቢጫ ጀሪካን እየቀነሰ ነው የሚሸጠው። መልስ ሲሰጠኝ አሥር ብር ጎድሎት ሮጦ ዘርዝሮ አመጣልኝ። ይሄን አሥር ብር አስታውሱልኝ።

ሁለት ቀን ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቪትዟ ገፈርሳ አለፍ ብላ ቆመች። ጭርርር… የለም። ታንከሩን በጫማዬ ደበደብኩ። የለም። እግረኛ እየሳቀ ያልፋል።

አስጎትቼ እዚያው ቡራዩ አንድ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ወጣት ነው፤ እውነት ለመናገር ሥራውን በሥርዓት ነበር የጀመረው። አንድ ካንዴላ ፈታ፣ አሸተተ፣ አሳየኝ፤ ደረቅ ነው። «ቤንዚን አልደረሰውም» አለ። በሲሪንጅ ትንሽ ቤንዚን በአየር መግቢያው ሰጣት። ሞተሩ ብድግ አለና ሦስት ሰከንድ ሠርቶ ጠፋ። ስለዚህ እሳት አለ፣ ቤንዚን የለም። እስከዚህ ድረስ አንድም ስሕተት የለበትም።

ቀጥሎ የኋላውን ወንበር አንስቶ ክዳኑን ከፈተ። ፓምፗ የተቀመጠችው ከዚያ ሥር ነው። የሽቦውን ሶኬት ነቀለና «ሞተሪኖ ምቺ» አለኝ። እኔ ቁልፉን ስይዝ እሱ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ወደ ፓምፗ በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ የመኪናው ቆርቆሮ ላይ አሳረፈ። ወደ 11 ቮልት! (ሞተሪኖው ሲዞር ባትሪውን ስለሚስበው 12 ሞልቶ አይታይም።) መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። «ኤሌክትሪክ ይደርሳታል፣ እሷ ግን አትሠራም። ሞታለች።»

ክርክሩ እንከን አለው? ኤሌክትሪክ አለ፤ ሥራ የለም፤ ስለዚህ ፓምፗ ሞታለች። እኔ አሳመነኝ። እናንተንም ያሳምናችኋል።

«ቤንዚን ከየት ነው የምትቀጂው?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ላምባ ቀላቅለው ይሸጡላችኋል፣ ከዚያ እኛ ጋ ትመጣላችሁ።»

ምስክር ቁጥር ሁለት። በዚያ ላይ ወንጀለኛውም ታወቀ!

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያለችንን አሮጌ መኪና ማስታመም ግዴታችን ሆኗል። ማስታመሚያው ደግሞ መርካቶ ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ከሌላ መኪና የወጣ ፓምፕ ተከራክሬ ገዛሁ። ገንዘቡ ለዘመድ የምንከፍለው የዚያ ወር ዕዳ ነበር። እናቴ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ቡናዋን ቆላች። የእናቴ ዝምታ ከስድብ ይከብዳል።

ፓምፑ ተገጠመ። ቪትዟ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

በማግስቱ አሸዋ ሜዳ ሄድኩ። ልጁ እዚያው ቆሟል፣ ማሊያውን ለብሶ። ከመኪናዬ ወርጄ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮህኩበት። «ላምባ ቀላቅለህ ሸጠህልኝ መኪናዬን ገደልክ! ሌባ!» አልኩት። «እህቴ፣ እናቴ ትሙት ምንም አልቀላቀልኩም» አለ። «ዝም በል!» አልኩት። ሰው ተሰበሰበ። እኔ ለሰው አስረዳሁ፤ ማስረዳት አውቅበታለሁ፣ አራት ዓመት የተማርኩት እኮ እሱን ነው። ሰውም አመነኝ። ሌላውም «እኔንም እንዲህ አድርጎኛል» ማለት ጀመረ። በመሀል ደንብ አስከባሪዎች ደረሱ። ሌሎቹ ልጆች ሃይላንዳቸውን ይዘው ሲበተኑ እሱ እኔን ለማሳመን ቆሞ ነበርና ተያዘ። ቢጫውን ጀሪካን ወሰዱት። ልጁ አላለቀሰም። ዞር ብሎ አየኝና «አሥር ብርሽን እንኳን ሮጬ አምጥቼልሽ» አለኝ።

ያን ጊዜ «እውነቱ ሲወጣ የሚለው ቢያጣ» ነው ያልኩት በልቤ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሠራሁ። በሃያኛው ቀን ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ሯጭ ልምምድ ቦታ እንዳደርሰው ጠራኝ። ሱሉልታ ለሯጮች ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ንጋት ላይ ሜዳው ሁሉ በቱታ ይሞላል። አደረስኩት፣ ወረደ፣ ሄደ። ብርዱ አጥንት ይቆርጣል። ማሞቂያ ለማብራት ቤንዚን ስለሰሰትኩ ሞተሩን አጥፍቼ ጋቢዬን ተከናንቤ የሚቀጥለውን ጥሪ ጠበቅሁ። ጥሪ መጣ። ቁልፉን አዞርኩ። ጭርርር…

እናንተዬ፣ የዚያን ቀን አልቅሻለሁ። ለፓምፑ አይደለም። ለእናቴ ዝምታ ነው።

ወተት የጫኑ ልጆች ገፍተውኝ አስፋልቱ ዳር አንድ ኮንቴይነር ፊት አደረሱኝ። «ዲናሞና ሞተሪኖ ይጠቀለላል፣ ባትሪ ቻርጅ ይደረጋል» የሚል በቀለም ብሩሽ ተጽፎበታል። ባለቤቱ ሸበቶ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሱቃቸውን ገና እየከፈቱ ነበር።

«ጋሼ፣ አዲስ ያስገጠምኩት ፓምፕ ሞተ» አልኳቸው።

«ማነው ሞተ ያለሽ?» አሉኝ።

«አልሠራ አለ።»

«አልሠራ ማለትና መሞት አንድ ነው እንዴ ልጄ? እኔም ጠዋት ጠዋት አልሠራም።»

ከዚያ ተቀመጡና ጠየቁኝ። መኪናዋን ሳይነኩ! መጀመሪያ የቆመችው መቼ ነው? የት? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ምን አደረግሽ? ዝናብ ነበር? ታጥባ ነበር? አሰብኩ። ሰበታ ከመቆሟ በፊት በነበረው ቀን አንድ ሰካራም ተሳፋሪ ከኋላ አስመልሶባት ላቫጆ ወስጄ ምንጣፉ ድረስ ታጥባለች። ቡራዩ የቆመችው ሁለት ቀን ዘንቦ ነው፤ የኋላ በሯ ደግሞ ታፈስሳለች። አሁንስ? ትናንት ላቫጆ ነበርኩ። ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ጥያቄ ደግሞ የኔ ሙያ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ፊውዙን አዩ፤ ደህና ነው። የፓምፗን ሪሌ በጣታቸው ይዘው «ምቺ» አሉኝ፤ ስመታ ጠቅ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ነገሩኝ። ብዙ ሰው ቁልፍ ከፍቶ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ወንበር አዘንብሎ፣ የፓምፕ ዜማ ካልሰማ «ሞተ» ይላል። አንዳንድ መኪና እውነትም ቁልፍ ሲከፈት ለሁለት ሰከንድ ያህል ያዜማል። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ግን ሞተሩ መዞሩን ካላወቁ ለፓምፑ ኤሌክትሪክ አይሰጡም። ይሄም በምክንያት ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢጠፋ ፓምፑ ቤንዚን መርጨቱን እንዳይቀጥል። ስለዚህ አንድ ሰው ሞተሪኖ እየመታ ሌላው ነው የሚያዳምጠው።

ወንበሩን አነሱ፣ በሮቹን ሁሉ አስከፈቱኝ፣ ሲጋራ የያዘውን አባረሩ። ቴስተራቸውን አንዱን ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላውን ቆርቆሮው ላይ። ወደ 11 ቮልት። «አየሽ፣ የቡራዩው ልጅ አልዋሸሽም» አሉኝ። ከዚያ ከመሳቢያቸው ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬቻ አምፖል አወጡ። «አሁን ደግሞ ሸክም እንስጠው።»

አምፖሉን ቆርቆሮው ላይ አይደለም ያሠሩት። የፓምፗ በሆኑት በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ነው፤ በሚያመጣውና በሚመልሰው። ሞተሪኖውን መታሁ፣ በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ። አምፖሉ እንደሚጠፋ ሲጋራ ቀላ ብሎ ቀረ። «ድገሚ» አሉና የመመለሻውን ጫፍ ከሽቦው አንስተው ቆርቆሮው ላይ አሳረፉት። አምፖሉ ቦግ!

ገባችሁ? ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ጋራዥ ውስጥ መመለሻው ማሳ ይባላል፤ ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ሞተሪኖውን፣ ካንዴላውን፣ ፍሬቻውን፣ ላቫጆውን ሁሉ ከነስማቸው ትቶልን ሄዷል፣ ማሳም ከነሱ አንዷ ናት። የፓምፗ ማሳ ከኋላ ወንበር አጠገብ በአንዲት ቡሎን ከመኪናው ቆርቆሮ ጋር የታሰረች ጥቁር ሽቦ ናት። የቡራዩው መካኒክ ሲለካ የራሱን መመለሻ ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ያሳረፈው ጫፍ ደህና መንገድ ሰጠው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል ነበር። እሱ ያረጋገጠው ኤሌክትሪክ እንደሚመጣ ነው። የፓምፗ መመለሻ ይሠራ እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

«በሁለቱ ሽቦዎች መካከል በቴስተር ቢለካስ?» አልኳቸው።

«ያኔም ሊዋሽሽ ይችላል» አሉ። ቴስተር የሚጠጣው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ነው፤ የዛገ ሽቦም እሱን ያሳልፋል፣ ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ፓምፕ ግን በርከት ያለ አምፔር ትፈልጋለች። «ባዶ እጁን ሁሉም ጎበዝ ነው ልጄ። ሸክም ስታሸክሚው ነው ጉልበቱ የሚታወቀው።»

ቡሎኗን ሲፈቱ አረንጓዴና ነጭ ዝገት እንደ ዱቄት ረገፈ። የላቫጆና የዝናብ ውሃ ምንጣፍ ሥር እያደረ በልቷታል። የሽቦውን ጫፍ ቆርጠው አዲስ ቀለበት አሰሩለት፣ ቆርቆሮውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተጉት፣ መልሰው አጥብቀው ግራሶ ቀቡት። አምፖሉን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል መልሰው አሠሩት። ቦግ! ሶኬቱን መለሱ። ቁልፉን ነካሁት፣ ተነሳች።

«ታዲያ ፓምፑን ስቀይር ለምን ሠራች?» ብዬ ተከራከርኩ። (ጋዜጠኛ ነኝ እኮ!)

«ሰውየው ወንበሩን ሲያነሳ፣ ሽቦውን ሲጎትት ሲገፋ፣ ዝገቱን ነካክቶ መንገድ ከፈተላት። ሰበታ ታንከሩ ሲደበደብም እንዲሁ ነው። የደከመ ፓምፕም ሲመታ ይነሳል፣ የላላ ሽቦም ሲመታ ይነሳል። ምልክታቸው አንድ ነው።»

ከዚያ «አሮጌውስ የት አለ?» አሉኝ። ልሸጠው ብዬ ከኋላ በፌስታል ጠቅልዬው ነበር። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ደርቋል። ከመኪናዋ ራቅ አድርገው ወደ አንድ የቻርጅ ባትሪ ወሰዱት። «አንድ ሰከንድ ብቻ፤ ያለ ቤንዚን ብዙ ከዞረ ይቃጠላል» አሉና ሽቦዎቹን ነካ አደረጉ።

ዚዚዚም!

ሞቷል የተባለው ፓምፕ እጃቸው ላይ አዜመ።

ጋሼ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አንድ ልጅ ነው ፊቴ ላይ የመጣው። ፓምፑ ካልሞተ ገዳይም የለም። ገዳይ ከሌለ እኔ ያን ሁሉ ሰው ሰብስቤ ያወራሁት ምንድን ነው?

ሁለት ምንጭ ነበረኝ። ትምህርት ቤት ሁለት ምንጭ ካለሽ ጻፊ ይሉናል። ግን ሁለቱም ምንጮቼ የፓምፑን ሞት ነው የነገሩኝ፤ ልጁ ላምባ ሲቀላቅል ያየ አልነበረም። ታንከር ውስጥ ከነበረው ቤንዚን አንድ ብርጭቆ ቀድቼ እንኳን አላየሁም። ደግሞ ሰበታ ላይ የቆመችው ከልጁ ሳልገዛ በፊት ነው! ይሄ ብቻውን ዝም ሊያሰኘኝ ይገባ ነበር። ተናድጄ ነበር፣ ዕዳ ነበረብኝ፣ ጥፋተኛ ያስፈልገኝ ነበር። ልጁ ደግሞ ሕገ ወጥ ነው፣ ድሃ ነው፣ መንገድ ዳር ነው። ጥፋት እንዲህ ያለ ሰው ላይ በቀላሉ ይጣበቃል። ቤንዚን በሃይላንድ መሸጡ ልክ አይደለም፤ እኔ የከሰስኩት ግን በዚያ አልነበረም።

ጋሼ የጠየቁኝ ገንዘብ የሁለት ሰው ምሳ አይገዛም። «ገለቶማ» አልኳቸው፣ ከምችላት ጥቂት ቃል። «ከአሁን በኋላ ምንጣፉን አውጥተሽ አሳጥቢ» ብለው ሸኙኝ።

ለሹፌር ወዳጆቼ ባጭሩ ልበል። ሞተሪኖው ዞሮ ሞተሩ ካልተነሳ «ፓምፕ» ብላችሁ ሶማሌ ተራ አትሩጡ። መጀመሪያ እሳት ይሁን ቤንዚን ይለዩ። ቤንዚን ከሆነ ፊውዝ፣ ቀጥሎ ሪሌ፣ ቀጥሎ ፓምፗ ሶኬት ላይ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አምፖል አስበሩ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ፓምፗ ካልሠራች ያኔ ለቅሶ ተቀመጡ። አምፖሉ ከፈዘዘ ወይም ካልበራ ፓምፗን ተዉአት፣ ሽቦውን ተከተሉ። ወንበር ሲነሳ ደግሞ በር ይከፈት፣ እሳት ይራቅ። ነገ የኤሌክትሪክ መኪና ብትገዙም ከቤንዚን ፓምፕ እንጂ ከማሳ አታመልጡም።

ከሱሉልታ ቀጥታ ቡራዩ ወረድኩ። አሸዋ ሜዳ ደረስኩ፣ ልጁ የለም። ሃይላንድ የያዘ ሌላ ልጅ ሮጦ መስኮቴ ላይ መጣ። «ቤንዚን ነው?» አለኝ። «የአርሰናል ማሊያ የሚለብሰው ልጅ የት ነው?» አልኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየና አወቀኝ መሰለኝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ጀሪካኑን ከወሰዱበት በኋላ አልመጣም። ጀሪካኑም የሰው ነበር» አለኝ። ስሙን ጠየቅሁት፤ አልነገረኝም። እኔም ብሆን አልነግረኝም ነበር።

እዚያ ጥግ ጀበና ቡና የምትሸጥ እናት አለች። ተቀምጬ ሁለት ስኒ ጠጣሁ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ያን ዕለት ከተሰበሰበው ሰው መሀል እሷም ነበረች። ስልክ ቁጥሬን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት፤ «ከመጣ እንዲደውልልኝ ንገሪልኝ፣ ጀሪካኑን እከፍላለሁ፣ ደግሞ ሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቀው» አልኳት። ወረቀቱን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

አሮጌው ፓምፕ አሁን ቤት ነው። እናቴ «ሽጪውና ከዕዳው ክፈይ» ትለኛለች። እሸጠዋለሁ፤ ለጀሪካኑ ነው ያሰብኩት።

ልጁ እስከ ዛሬ አልደወለም።

ሰላም ሰንብቱልኝ።